ልል ትከሻ ይዘን ክብደት እንዴት እናንሳ?



በክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ የሚዘዋወር ሰው ከፎቅ ሥር ወይም ከቆርቆሮ ጥላ በታች የተከፈተ ጂም ማየቱ አይቀርም። አንዳንዱ ዘመናዊ ማሽን አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠራ ክብደት ነው ያለው። ከግቢያችን ወንድሞች ከዐስር ሶላት በኋላ ወደዚያው የሚያመሩ አሉ፤ ዶርም ውስጥ በላስቲክና በሃይላንድ የሚሠሩ እህቶችም አሉ። ማሻአላህ፣ መልካም ልማድ ነው። ጠንካራ ሙእሚን አላህ ዘንድ ከደካማው ይበልጥ የተወደደ እንደሆነ፣ በሁለቱም ግን ኸይር እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። አካላችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ማስተማራቸው ደግሞ በቡኻሪ ተዘግቧል። የመጀመሪያው እንድንጠነክር ያነሳሳናል፤ ሁለተኛው ስንጠነክር አካላችንን እንዳንበድል ያስታውሰናል።

እነዚህ ሁለት ትምህርቶች በደንብ ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ ትከሻ ነው። በመካከላችን ትከሻቸው ከሌላው ሰው በላይ የሚተጣጠፍ እህትና ወንድሞች አሉ። እጃቸውን ከጀርባቸው በቀላሉ ያቆላልፋሉ። ፑል አፕ ብረት ላይ ሲንጠለጠሉ ወይም ከባድ ቦርሳ ሲያነሱ ትከሻቸው ከቦታው የተንሸራተተ ያህል ይሰማቸዋል። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ትከሻህ ደካማ ነው፣ ክብደት የሚባል ነገር አትንካ» ይላል። ሌላው «እንዲህ እየተጣጠፍክ ምን ያስፈራሃል? በደንብ ዝቅ በል!» ይላል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ልል ትከሻ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥንካሬ ነው፤ ጥንካሬው የሚገነባው ግን ክንዳችን መድረስ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ሳይሆን እኛ ልንቆጣጠረው በምንችለው ክልል ውስጥ ነው።

ትከሻ ለምን ይላላል?

በሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ የተቀመጠ ብርቱካን አስቡ። ብርቱካኑ የላይኛው የክንድ አጥንት ራስ ነው። ሳህኑ ደግሞ ከጀርባችን በኩል ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት የሚያቀርበው ትንሽ ጉድጓድ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ጥልቅ ጉድጓድ ስላለው አጥንቱ ራሱ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ትከሻ ግን እንደዚያ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ክንዳችን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር አድርጎ ፈጥሮታል፤ ይህን ያህል ነፃነት ያለው መገጣጠሚያ ደግሞ በቀላሉ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል።

ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ የሚይዙት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የከበበው ሽፋንና በውስጡ ያሉት ጅማቶች ናቸው። እነዚህ ክንዳችን ወደ እንቅስቃሴው መጨረሻ ሲደርስ ተወጥረው «በቃ» ይላሉ። ሁለተኛው ጡንቻ ነው፤ በተለይ ሮቴተር ካፍ የሚባሉት አራት ትናንሽ ጡንቻዎችና ጠፍጣፋውን አጥንት የሚያንቀሳቅሱት የጀርባና የጎን ጡንቻዎች። የእነዚህ ሥራ ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብርቱካኑን ወደ ሳህኑ መሃል መጎተት ነው።

ትከሻው ልል የሆነ ሰው የመጀመሪያው መያዣ ላልቶበታል። ምክንያቱ በተፈጥሮ ጅማቱ የተሠራበት ኮላጅን የሚባለው ንጥረ ነገር የመለጠጥ ባሕርይ ሊሆን ይችላል። እንደ ዋናና መረብ ኳስ ያሉ ክንድን ከራስ በላይ ደጋግመው የሚያንቀሳቅሱ ስፖርቶች፣ ወይም ቀደም ሲል የደረሰ ውልቃትም ሊያላሉት ይችላሉ። የላላ ጅማትን በስፖርት መልሶ ማጥበቅ አይቻልም። ጡንቻን ግን ማጠንከር ይቻላል፤ ጅማቱ የተወውን ሥራ ጡንቻው ይረከባል። ለዚህ ነው ልል ትከሻ ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ጥንካሬ የሚያስፈልገው።

በአዲስ አበባ መተጣጠፍ ሲጨበጨብለት የኖረ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በከተማችን የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ወጣቶቹን በዓለም መድረክ ያሳወቀው በከፊል በሚደንቅ መተጣጠፋቸው ነበር። ነገር ግን በእጁ ቆሞ ሰውነቱን የሚያጥፍ ሰው መገጣጠሚያው ስለላላ ብቻ አይቆምም፤ በእጁ ለመቆም የሚያበቃው ጥንካሬ ነው። የመተጣጠፉን ስጦታ ይዞ ጥንካሬውን ያልያዘ ሰው ፍሬን የሌለው መኪና እንደሚነዳ ነው።

ልል መሆናችንን እንዴት እናውቃለን?

ሐኪሞች በመላ ሰውነት ያለውን መተጣጠፍ ለመገመት የቤይተን መለኪያ የሚባል ቀላል ፈተና ይጠቀማሉ። ከ9 ነጥብ ይቆጠራል፦

1. ትንሿን ጣት ወደ ኋላ ስታጥፉት ከ90 ዲግሪ ካለፈ፣ ለእያንዳንዱ እጅ 1 ነጥብ፤
2. አውራ ጣት ታጥፎ የክንድን የውስጥ ገጽ ከነካ፣ ለእያንዳንዱ እጅ 1 ነጥብ፤
3. ክርን ሲዘረጋ ከቀጥታው መስመር ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ካለፈ፣ ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ፤
4. ጉልበትም እንዲሁ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ካለፈ፣ ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ፤
5. ጉልበትን ሳታጥፉ ጎንበስ ብላችሁ መዳፋችሁን በሙሉ መሬት ላይ ካሳረፋችሁ 1 ነጥብ።

በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው 5 እና ከዚያ በላይ ነጥብ አጠቃላይ የመገጣጠሚያ ልልነት መኖሩን ያመለክታል። ይህ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል። ይሁን እንጂ ፈተናው ትከሻን በቀጥታ አይለካም። ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ሰውም አንዱ ትከሻው ብቻ ልል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ትከሻው የሚሰጠንን ምልክት እንመልከት። ትከሻው ይንሸራተታል? ከባድ ነገር ተሸክመን ክንዳችን ሲንጠለጠል ከትከሻ ጫፍ ሥር ጎድጎድ ይላል? ክንዳችን ድንገት ይደነዝዛል?

መተጣጠፍ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው ያለ ምንም ሕመም ይኖርበታል። ሆኖም ብዙ መገጣጠሚያ በተደጋጋሚ የሚወልቅበት፣ ቆዳው ከልክ በላይ የሚለጠጥ ወይም ቁስሉ ሰፊና ስስ ጠባሳ የሚተው፣ በቤተሰቡም ተመሳሳይ ነገር ያለ ሰው ክብደት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይይ። ኤለርስ ዳንሎስ የሚባሉ የኮላጅን ሕመሞች በዚህ መልክ ይታያሉ።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ1992 ቡርክሄድና ሮክዉድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ያሳተሙት ሥራ ዛሬም ይጠቀሳል። ትከሻቸው የማይረጋ ሰዎችን በጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት ብቻ ተከታተሏቸው። ችግሩ ያለ አደጋ፣ በተፈጥሮ ልልነት ከመጣባቸው ትከሻዎች 80 በመቶው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ውጤት አገኙ። በአደጋ ከተጎዱት ግን ይህን ያገኙት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ከባድ መውደቅ ወይም ግጭት ትከሻው የወለቀ ሰው በስፖርት ብቻ እድናለሁ ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ የአጥንት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ልል ትከሻ ባላቸው 100 ሰዎች ላይ በዴንማርክ የተሠራ ጥናት ታተመ። አንዱ ቡድን ቀላል፣ ሌላው ከባድ የማጠንከሪያ ስፖርት ለ16 ሳምንታት ሠራ። ከባዱን የሠሩት በዕለት ተዕለት የትከሻ አጠቃቀማቸው የበለጠ መሻሻል አሳዩ። የጡንቻ ሕመምና ራስ ምታትን የመሰሉ ቀላልና ጊዜያዊ ችግሮች በእነርሱ ላይ በዛ ብለው ታይተዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከባዱን የሠሩት በፊዚዮቴራፒስት ክትትል፣ ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ነው። «ክብደት አትንካ» የሚለው ምክር እንደማያስኬድ ይህ ያሳየናል፤ ዘሎ ከባድ ላይ መውጣትንም አይፈቅድልንም።

አራት መመሪያዎች

አንደኛ፣ ከመጨረሻው ጫፍ በፊት ቁሙ። ክንድ ወደ እንቅስቃሴው መጨረሻ ሲደርስ ጡንቻው አቅም ያንሰዋል፤ ሸክሙ በላላው ጅማት ላይ ይወድቃል። ክንዳችሁ 10 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ሊሄድ ቢችል እንኳ ክብደት ይዛችሁ እዚያ አትሂዱ። ክርንንም ወደ ኋላ እስኪቆልፍ አትዘርጉ።

ሁለተኛ፣ በዝግታ ሥሩ። ወደ ላይ 2 ሰከንድ፣ መሃል ላይ 1 ሰከንድ ቆም፣ ወደ ታች 3 ሰከንድ። በፍጥነትና በውርወራ የሚሠራ ክብደት ትከሻው ተንሸራቶ እስኪያልፍ ድረስ አይታወቅም። ልል መገጣጠሚያ ያለው ሰው ክንዱ የት እንዳለ በትክክል መሰማት ሊያስቸግረው ይችላልና መስታወት ወይም ጓደኛ ይርዳችሁ።

ሦስተኛ፣ ሳይደክማችሁ አቁሙ። ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ መሥራት የምትችሉ ሆኖ ሳለ ዙሩን ጨርሱ። የደከመ ጡንቻ ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ መያዝ ይተዋል።

አራተኛ፣ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። በተከታታይ ሁለት ቀን 12 ጊዜ በንጹሕ ከሠራችሁ ትንሽ ክብደት ጨምሩ። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ ተምረናል። ትከሻም በዚሁ መንገድ ነው የሚገነባው።

ከየት እንጀምር?

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከል አንድ ቀን እያረፋችሁ። ጂም የግድ አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ የሁለት ኪሎ ክብደት ነው፤ አሸዋ ከሞላችሁት ደግሞ ይከብዳል። የስፖርት ላስቲክም ዶርም ውስጥ በቂ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በዙር ከ10 እስከ 12 ጊዜ፦

• ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ። ክርናችሁን ስትዘረጉ ጀርባችሁን ትንሽ ከግድግዳው አርቃችሁ ግፉ፤ ይህ ጠፍጣፋውን አጥንት ከጎድን ጋር የሚያጣብቀውን ጡንቻ ያሠራል።
• ላስቲኩን በር ላይ አስራችሁ ወደ ሆዳችሁ መሳብ። ክርናችሁ ከጎናችሁ እኩል ሲሆን ቁሙ፤ ከጀርባችሁ አልፎ አይሂድ።
• የተጠቀለለ ፎጣ በክርንና በጎን መካከል ይዛችሁ፣ ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ላስቲኩን ወደ ውጭ መሳብ፤ ከዚያም ዞራችሁ ወደ ውስጥ መሳብ። ሮቴተር ካፍን የሚያጠነክረው በዋናነት ይህ ነው።
• በእጅና በጉልበት ቆማችሁ አንዱን እጅ ከመሬት ትንሽ በማንሳት 5 ሰከንድ መቆየት። መሬት ላይ ያለው ክርን በጥቂቱ የታጠፈ ይሁን።

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሕመም ከሌለ፦

• መሬት ላይ ተኝቶ ክብደት መግፋት። ለልል ትከሻ ከቤንች የሚሻለው ለዚህ ነው፦ ክርን መሬት ሲነካ እንቅስቃሴው ራሱ ይቆማል።
• ክንድን ቀጥታ ወደ ጎን ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አድርጎ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ እያመለከተ፣ እስከ ትከሻ ቁመት ማንሳት።
• ጀሪካን ይዞ መራመድ። በግማሽ በተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀምሩ። ክብደቱ ትከሻችሁን ወደ ታች እንዲጎትተው አትፍቀዱ፤ ትከሻው ወደ ታች የመንሸራተት ምልክት ያለበት ሰው ይህን ለኋላ ያቆየው።

ሦስት ወር ገደማ በዚህ ከጸናችሁ በኋላ መሬት ላይ ፑሽ አፕና ቀላል ክብደትን ከራስ በላይ መግፋት ቀስ በቀስ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ትከሻው ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ሰው ግን ፑሽ አፕና መግፋት ሊያባብስበት ስለሚችል ፊዚዮቴራፒስት ሳያየው አይጨምር።

የሚቆዩ ነገሮች

እነዚህን ቢያንስ ትከሻችሁ እስኪጠነክር ድረስ ተዉ፦ ዲፕስ፤ ባሩን ከአንገት ጀርባ መግፋት ወይም መሳብ፤ ቤንች ላይ በሰፊ አያያዝ እስከ ደረት መውረድ፤ ዱምቤል በሁለት እጅ ወደ ጎን በሰፊው መክፈት፤ ፑል አፕ ብረት ላይ ዘና ብሎ መንጠልጠልና በውርወራ መውጣት። ትከሻን ለማፍታታት ተብሎ በበር መቃን መለጠጥም ለሌላው ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለእናንተ ግን የላላውን መጨመር ነው። ለመሳቂያ ወይም ለይዩልኝ ትከሻን አውጥቶ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ ይቅር። በጓደኛ ፊት ከአቅም በላይ ማንሳትም እንዲሁ፤ ሪያእ በዒባዳ ላይ እንደሚያበላሽ እዚህም አካልን ያበላሻል።

ከጂም ውጭ ያለውንም አስቡ። ትከሻ ብዙ ጊዜ ወደ ፊት የሚወልቀው ክንድ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ነው። በአንበሳ ወይም በሸገር አውቶቡስ ቆማችሁ የላይኛውን ብረት ይዛችሁ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ክንዳችሁ በዚያው አቅጣጫ ይጎተታል። በደረት ቁመት ያለውን ቋሚ ብረት ያዙ። ስትተኙም እጃችሁን ከራስ በላይ አድርጋችሁ አትተኙበት።

ትከሻ ቢወልቅስ?

ሕመም የሌለው «ቋ» የሚል ድምፅ ብቻውን አያስጨንቅ። ድምፁ ከሕመም ጋር ከሆነ፣ ሕመሙ በማግሥቱም ካልቀነሰ፣ ወይም እጅ ከደነዘዘ ግን ስፖርቱን አቁማችሁ ታከሙ።

ትከሻው ወጥቶ ከቀረ ማንም አይጎትተው፤ ጓደኛም፣ የጂም አሰልጣኝም፣ የሰፈር ወጌሻም። ወጌሻ በኅብረተሰባችን የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። በትከሻ አጠገብ የሚያልፈው ነርቭና የደም ሥርም ሲጎተት ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን ሐኪሞች በጠባብ እሥር ምክንያት እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ ሕሙማንን ሲዘግቡ ኖረዋል። ስለዚህ ክንዱን ባለበት ሁኔታ በሻርፕ ወይም በነጠላ ከአንገት አንጠልጥሉት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብና መጠጥ አትስጡት፤ በዚያው ቀን ራጅና የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። በከተማችን ጥቁር አንበሳና አቤት ሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና ይሰጣሉ።

ከተመለሰ በኋላም ሥራው አላለቀም። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 35 በሆኑ ሰዎች ላይ በኤደንብራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ በአደጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ከወለቀባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ችግሩ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ወደ ክብደት መመለስ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ሶላትና ረመዷን

ሶላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ነገር ግን ከሱጁድ ስትነሡ ክርናችሁን ቆልፋችሁ መላ ክብደታችሁን በአንድ እጅ ላይ አትጣሉ። ክንዱ በሐኪም ትእዛዝ የታሰረ ሰው በሚችለው ሁኔታ ይሰግዳል፤ ዲናችን ከአቅም በላይ አያስገድድም። ስለ ተክቢራው፣ ስለ ሱጁዱና ስለ ውዱኡ ዝርዝር ኡስታዞችን ጠይቁ። በረመዷን ደግሞ ስፖርቱን ከመተው ይልቅ ከኢፍጣር ወይም ከተራዊሕ በኋላ፣ ክብደቱንና ዙሩን ቀንሶ መቀጠል ይሻላል። አራት ሳምንት ጨርሶ ካቆማችሁም በሸዋል ባቆማችሁበት ክብደት ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

አካላችን አማና ነው። የሚተጣጠፍ ትከሻ የተሰጠው ሰው አማናውን የሚጠብቀው ፈርቶ በመቀመጥም ሆነ እስከ ጫፍ በመግፋት አይደለም፤ በሚቆጣጠረው ክልል ውስጥ ዛሬ ሁለት ኪሎ፣ ከሳምንታት በኋላ ሦስት ኪሎ እያለ በመጽናት ነው። አላህ ጤናችንንና ጉልበታችንን ለኸይር የምናውል ያድርገን። አሚን።